ሁለተኛው ካልኩሌተር

ጥቅምት 6

እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? «እኛ ደህና ነን» ብዬ ልጀምር ስል ቃሉ እጄ ላይ ከበደኝ። ልጅቷ ደህና ናት፤ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ እናታችንን ትመስላለች። እኔም በጤናዬ ደህና ነኝ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትዪኝ። ስልኬን የገዛልኝ እሱ፣ መክፈቻ ቁጥሩን ያወጣልኝ እሱ። እዚያ ላይ የጻፍኩት ነገር የት እንደሚያድር አላውቅም። ወረቀት ግን አፉ እንደተዘጋ አንቺ ጋ ይደርሳል።

ድምፄ ምን ሆኖ እንደነበር ጠይቀሽኛል። ጉንፋን ነው ያልኩሽ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ስለነበር ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ባሌ ስልኩን ይደብቀኛል።

ስጽፈው ቀላል ይመስላል። አንቺ ግን ታውቂዋለሽ። ይሄ ሰው አውቶቡሱን አሳርፎ ሲመለስ ገና በሩን ሳይዘጋ የዋለበትን ሁሉ የሚዘከዝክ ነበር፤ የትኛው ተሳፋሪ ከማን ጋር እንደተጣላ፣ የትኛዋ አሮጊት ምርኩዟን ረስታ እንደወረደች። አሁን ይገባል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ ስልኩን በፊቱ ደፍቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፣ ዝም ይላል። እራት ከመቅረቡ በፊት ስልኩ ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ ብድግ ብሎ ወይ በረንዳ ይወጣል፣ ወይ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ይቆልፋል። ሲመለስ ዓይኑ ይቀላል። አልቅሶ ይሆን እላለሁ። ለማን?

ባለፈው ሳምንት በመታጠቢያ ቤቱ በር ሳልፍ ከውስጥ የሴት ድምፅ ሰማሁ። ረጋ ያለች፣ የማትቸኩል። የምትለውን ለመለየት ጆሮዬን ስጥል ውሃውን ከፈተውና ድምፁ ጠፋ።

ከእኔ ጋር የምትሰፋዋን ሴትዮ ታስታውሻታለሽ፤ ሳይከፍቷት ስለምታወራ «ሬዲዮ» የምንላትን። ለእሷ አንድም ቃል አልተነፈስኩም። ግን አንዱን ሱሪ ሁለት ጊዜ ገልብጬ ስሰፋ አይታ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለችና ክሯን በጥርሷ በጠሰችው።

አንቺ ታላቄ ነሽ። እሱም ያከብርሻል። ምን ላድርግ? እንዳትደውዪለት ግን አደራ።

ታናሽሽ


ጥቅምት 18

ሚጣዬ፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ። ያቺን ጥርሰ ወላቃ ጉንጯን ሳሚልኝ። እዚህ አቧራው ቀንሶልናል፤ ዓይናቸውን እያሹ ወደ ክሊኒኩ የሚመጡት ግን አልቀነሱም።

ደብዳቤሽን የከፈትኩት በወረፋ መሃል ነው፤ እንደዚያ ማድረግ አልነበረብኝም። ቀጥሎ የገቡትን ሽማግሌ አንድ ዓይናቸውን ሸፍኜ «አሁንስ ይታይዎታል?» አልኳቸውና መልሳቸውን ሳልሰማ ፈዝዤ ቀረሁ። «ልጄ፣ ለአንቺስ ይታይሻል?» አሉኝ።

ከደብዳቤው ኋላ በላክሻት አጭር ወረቀት፣ «ለአንቺ ይደውልልሻል ወይ?» ብለሻል። አዎ፣ አልፎ አልፎ ይደውላል። ሰላምታ ነው። የቤት ነገር አያነሳም።

ስለ ሴት ድምፅ፣ ድምፅ ብቻውን አያስፈርድም። በዚህ ዘመን ሊፍቱም ያወራል፣ መኪናውም ያወራል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይሉ የለ? ሥሩን ሳታዪ አትቁረጪ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። «አውቶቡሱን አሳርፎ ሲመለስ» ብለሽ ጽፈሻል። ከልማድ ያመለጠሽ ነው ወይስ ዛሬም ይነዳል? ወደ መናኸሪያው ቢሮ ተዛውሯል ሲባል የሰማሁ መስሎኝ ነበር። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል። ብቻ ሳትረሺ መልሺልኝ።

እህትሽ


ጥቅምት 29

እትዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ጽሑፍሽ ወደ መጨረሻው ተንጋዶብኛል፤ ደክሞሽ ነው አይደል?

ስለ ቢሮ ማን እንደነገረሽ አላውቅም። ዛሬም ይነዳል። ማለዳ ልጅቷን በአውቶቡሱ ትምህርት ቤት ሊያደርስ ይዟት ይወጣል፣ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። የምሽቱን ፈረቃ ብቻ ለሌላ ሾፌር ሰጥቷል። ባለፈው ዓመት ከአገር አቋራጭ ወደ ከተማ መስመር ሲዛወር «ልጄ አባቷን ማታ ማታ ማየት አለባት» ብሎኝ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ትዝ ይልሻል። አሁን ያም ተንኮል መስሎ ይታየኛል። ሰው አንዴ ከጠረጠረ ያለፈ ደስታውን ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ይመረምራል።

ደግሞ የሚደብቅበትን አገኘሁት። ካልኩሌተር ነው። አትሳቂ።

ልጅቷ የቤት ሥራዋን ስትሠራ ማካፈል አቅቷት የእሱን ስልክ አነሳች። እሱ ሸሚዙን እየተኮሰ ነበር። «አባዬ፣ ሁለት ካልኩሌተር አለህ እንዴ? ይሄኛው የይለፍ ቃል ይለኛል» አለችው። ካውያውን ሸሚዙ ላይ ትቶት መጣ። ስልኩን ከእጇ ሲመነትፍ ጣቷን ቧጨራት። ልጁን ቆንጥጦ የማያውቅ ሰው። ሸሚዙ ደረቱ ላይ ተቃጠለ።

ሬዲዮን «ለአንዲት ጎረቤቴ ነው» ብዬ ጠየቅኋት። «እሱ ካልኩሌተር አይደለም፣ ጓዳ ነው» አለችኝ። «ከውጭ ሲያዩት ሂሳብ ነው፤ ቁጥሩን ስታስገቢለት የተደበቁት አፖች ይወጣሉ። ለጎረቤትሽ አዝኛለሁ።» ይሄን ስትል ዓይን ዓይኔን እያየች ነው።

ልጅቷ ጎረቤት ልትጫወት ስትወጣ ጠብቄ ፊቱ ቆምኩ።

«ካልኩሌተሩ ውስጥ ምን አለ?»

«የሥራ ነው።»

«ሾፌር በካልኩሌተር ምን ይሠራል?»

«ተይኝ አንቺ ልጅ፣ ደክሞኛል።»

«ሴት ናት?»

ቀና ብሎ አየኝ። ያልኩት ነገር ዘግይቶ የደረሰው ይመስል ነበር። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሴት ብትሆን ይቀለኝ ነበር» አለና ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። ሲወጣ በሩ ጥግ የከመርኩት ጨርቅ ጠልፎት ሊወድቅ ሲል ግድግዳውን ያዘ። ንዴት ነው ያሳወረው አልኩ።

ስለ ሥራው ለምንድን ነው የጠየቅሽኝ?

ታናሽሽ


ኅዳር 9

ሚጣዬ፣

ስለዘገየሁ ይቅር በዪኝ። እየጀመርኩ እቀድ ነበር።

ስለ ሥራው ለምን ጠየቅሽኝ ላልሽው አሁን መልስ የለኝም። የለኝም ማለቴ፣ የምሰጥሽ የለኝም። ይሄን እንደ ውሸት አትቁጠሪብኝ።

ካልኩሌተሩን አትክፈቺው። የሰው ስልክ የሰው ሆድ ነው፤ ያልተጠራ እጅ ሲገባበት ይቆስላል። እሱ ራሱ ይነግርሻል። ጥቂት ታገሺኝ፤ ታገሺው ማለቴ ነው።

አንድ ልመና አለኝ። ልጅቷን ትምህርት ቤት በእሱ አውቶቡስ አትላኪያት። አንቺ በእግር አድርሻት። እንዳይከፋው በዘዴ አድርጊው። ምክንያቱን አትጠይቂኝ።

እህትሽ


ኅዳር 20

ትናንት የጎረቤታችን መኪና አልነሳ ብሎ ባሌን እንዲገፋላቸው ጠሩት። ስልኩን መስኮቱ ላይ ትቶ ወረደ። የስልኩ መብራት ገና አልጠፋም ነበር። «ጋራዥ» ከሚል ስም መልእክት ገብቷል። እንዲህ ይላል፤ «ወይ አንተ ንገራት፣ ወይ እኔ እነግራታለሁ። ከእንግዲህ እሷን መዋሸት አልችልም።»

ጋራዥ እንዲህ ብሎ አይጽፍም።

ስሙን ስነካው ቁጥሩ ወጣ። ሴትዮዋን ራሴ ላናግራት ብዬ በገዛ ስልኬ ቁጥሩን መምታት ጀመርኩ። ሳልጨርሰው ስልኬ ጨረሰልኝ። «እትዬ» ብሎ ጻፈልኝ፤ ተቃቅፈን የተነሳነውን ፎቶ ጨምሮ።

«ይደውላል፣ ሰላምታ ነው» ብለሽ የጻፍሽልኝ ወረቀት እዚሁ እጄ ላይ ነው። «ካልኩሌተሩን አትክፈቺው» ያልሽኝም። ልጄን ከአባቷ አውቶቡስ አርቂያት ብለሽ የለመንሽኝም አሁን ገባኝ፤ ከወዲሁ ከአባቷ መለየትን ልታለማምጃት ኖሯል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል እሰማ ነበር። እህትም ባዳ እንደምትሆን የነገረኝ የለም።

ለእሱ ገና ምንም አላልኩትም። አትደውዪ፣ አላነሳም። እናታችን ይሄን ሳታይ መሞቷ ደግ ሆነ አልኩ። እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።


ኅዳር 24

ሚጣዬ፣

ስልክሽ ስለተዘጋብኝ ይህን ደብዳቤ ወደ እናንተ ከተማ የምትመጣ የሥራ ባልደረባዬ በእጇ ታደርስልሻለች። አንብበሽ እስክትጨርሺ በሩ ላይ እንድትቆም ለምኛታለሁ። ሳታነቢ እንዳትቀጂው።

ያሰብሽው አይደለም። በእናታችን አፈር ይሁንብኝ፣ አይደለም። ያለው ነገር ግን ካሰብሽው ይከብዳል።

ባልሽ የዓይኑ ብርሃን እየጠፋ ነው።

ባለፈው ዓመት ገና አገር አቋራጭ ሲነዳ የሰፋሽልኝን መጋረጃ ይዞ ክሊኒኩ ድረስ መጣልኝ። እንደ ልማዱ እያሳቀኝ ሲገባ በሩ አጠገብ የቆመችውን ባልደረባዬን ገጭቷት አለፈ። ዞሮ ይቅርታ ጠየቃት። ወዲያው ደግሞ ከጎኑ ያለውን ወንበር መታ። «እስቲ ና ተቀመጥ» አልኩት። እየቀለደ ተቀመጠ። ሐኪሙ አየው፣ ደግሞም አየው። ሲነሳ ቀልዱ ጠፍቶ ነበር።

ግላኮማ ይባላል። ዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምርና ነርቩን ቀስ እያለ ይገድለዋል። ብዙውን ጊዜ አያም፣ አያሳክክ፣ አይናገር። መሃሉን ይተውና ከዳር ከዳር ይበላል። ፊት ለፊቱ ያለችውን መርፌ ያያል፤ ከጎኑ የቆመውን ሰው አያይም። የሄደው አይመለስም። የቀረውን ግን ጠብታ በየቀኑ እየጨመሩ ማቆየት ይቻላል።

ከዚያ ወዲህ ያለውን አንቺው አይተሽዋል፤ ስሙን ብቻ ነው ያላወቅሽው። ስልኩ የሚንቀጠቀጠው የጠብታው ሰዓት ሲደርስ ነው። ዓይኑን የሚያቀላው መድኃኒቱ ነው። የሰማሻት ሴትዮ ሴት አይደለችም፤ ካልኩሌተሩ ውስጥ የደበቀው፣ የተጻፈን ነገር ድምፅ አውጥቶ የሚያነብ አፕ ነው። «አንድ ቀን ማንበብ ካቃተኝ፣ ከወዲሁ ጆሮዬን ላለማምደው» ብሎ ነው የጫነው። ጋራዥም እኔ ነኝ። ስሜን ለምን እንዲህ እንዳለው ስጠይቀው «ሲበላሽ የሚኬድበት አይደለም?» አለኝ።

ያን ቀን ከክሊኒኩ ስሸኘው «እትዬ፣ ለሚጣ አትንገሪብኝ» አለኝ።

«መሪ ትለቃለህ?»

«እለቃለሁ። ሌላ ሥራ እስኪሰጡኝ ብቻ። ያን ጊዜ ከእኔው አፍ ትስማው።»

የታካሚ ምስጢር ነውና ቃል ገባሁለት። ወራት አለፉ። «መናኸሪያው ቢሮ ገባሁ፤ ቁጭ ብዬ ስምሪት ነው የምሠራው» አለኝ። ደስ ብሎኝ አመንኩት። ዛሬም እንደሚነዳ ያወቅሁት ከአንቺ ደብዳቤ ነው። ሁለታችንንም ዋሽቶናል።

ለእሱ ቃል አለብኝ። አውቶቡሱ ላይ የሚሳፈረው ሰው ግን ምንም ቃል አልተቀበለም፤ ዝም ብሎ አምኖ ይወጣል። ልጅሽ ከእነሱ አንዷ ነበረች። ያየሽውን መልእክት የጻፍኩለት ለዚህ ነው፤ «እሷን መዋሸት አልችልም» ያልኩትም አንቺኑ ነው።

እኔን ማመን እንደሚከብድሽ አውቃለሁ። አትመኚኝ። ሂጂና ከጎኑ ቁሚ፤ ራስሽ እዪው። እስከዚህ ሳምንት መጨረሻ ከመሪው ካልወረደ ለመሥሪያ ቤቱ እኔው እደውላለሁ። ይሄን ለእሱም ጽፌለታለሁ።

እህትሽ


ኅዳር 30

እትዬ፣

ባልደረባሽ እስክጨርስ በሩ ላይ ቆመች። ስጨርስ ወጥ ቤቴ ገብታ ከገዛ ማሰሮዬ ውሃ ቀድታ አጠጣችኝ። «ልጠብቅሽ?» አለችኝ። «ሂጂ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኳት።

አላመንኩሽም። ተማክራችሁ የፈጠራችሁት ሰበብ ነው ብዬ ነበር። ስለዚህ ያልሽኝን አደረግሁ።

በማግስቱ ሬዲዮን «የስፌት ሱቃችንን ጠብቂልኝ» ብዬ መናኸሪያ ሄድኩ። ሰው እየተጋፋ ሲሳፈር እኔም መሃሉ ገባሁ። በፊት በር ነው የገባሁት። ከሾፌሩ በስተቀኝ፣ ከሞተሩ ክዳን አጠገብ፣ ብረቱን ይዤ ቆምኩ። እጄን ብዘረጋ ትከሻውን እነካዋለሁ። ራሱ የገዛልኝን ቢጫ ሻርፕ አድርጌያለሁ። መስታወቱን አየ። መንገዱን አየ። ትኬት ቆራጩን «እንሂድ?» አለው። እኔን አላየኝም።

እትዬ፣ ቤት ውስጥ አጠገቤ ዝም ብሎ ሲያልፍ የናቀኝ መስሎኝ ስንቴ እንዳለቀስኩ አንድ በአንድ መጣብኝ።

ሲነዳ አየሁት። አንገቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ ያዞራል። አጠገቤ የቆመች ሴትዮ «የዚህ ልጅ አነዳድ ደስ ይለኛል፤ ጥንቃቄው!» አለችኝ። አፌን በሻርፑ ያዝኩ።

ገበያው ጋ ስንደርስ አንድ ሰውዬ ጭነት የተከመረበት ጋሪ እየገፋ ከቀኝ በኩል መንገድ ገባ። እኔ አየሁት። ሴትዮዋ አየችው። ሁሉም አየው። ባሌ ፍሬን የረገጠው ተሳፋሪው «ያዝ! ያዝ!» ሲል ነው። ሰው በሰው ላይ ወደቀ። በጋሪውና በአውቶቡሱ ግንባር መሃል አንድ ክንድ አይሞላም። ሰውዬው ደርቆ ቆመ፤ መሳደብ የጀመረው ቆይቶ ነው።

«ከየት መጣ?» አለ ባሌ። የጠየቀው ማንንም አልነበረም።

«እዚህ ነኝ» አልኩት።

ድምፄን ሲሰማ መጀመሪያ የፈለገኝ ፊት ለፊቱ ነው። ከዚያ አንገቱን አዞረ፣ ደግሞ አዞረ፣ እስኪያገኘኝ።

«መቼ ገባሽ?»

«ከመነሻው ጀምሮ አጠገብህ ነኝ።»

ሞተሩን አጠፋ። በሮቹን ከፈተ። ተነስቶ ወደ ሰዉ ዞረና «እናቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ይሄ መኪና ከዚህ አያልፍም፤ ሌላ ይመጣላችኋል» አለ። ትኬት ቆራጩ ግራ ገብቶት «ምኑ ተበላሸ?» ብሎ ጠየቀው።

«ሾፌሩ።»

ሰዉ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እየሳቀ ወረደ።

ባዶው አውቶቡስ ውስጥ ሁለታችን ቀረን። ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መሪውን ያዘ፤ የቆመ መኪና።

«ሾፌር ካልሆንኩ ምንድን ነኝ ብዬ ነው» አለኝ።

«ሴት ይዟል ብዬ ስቃጠል እያየህ ዝም አልከኝ።»

«ሴት ብትጠረጥሪ ትጠይኛለሽ። ዓይኔን ብታውቂ ታዝኚልኛለሽ። መጠላቱን መረጥኩ።»

በጥፊ ልመታው እጄ ተነስቶ ነበር። የተነሳውን እጄንም አላየውም። መልሼ አወረድኩት።

አውቶቡሱን ሌላ ሾፌር መጥቶ ወሰደው። ቁልፉን ግን እሱ ራሱ ሄዶ ለስምሪት ኃላፊው አስረከበ። እኔ ውጭ ቆየሁት።

ስለ አንቺ ምን እንደምጽፍ አላውቅም። ሌላ ቀን።

ታናሽሽ


ታኅሣሥ 10

ሚጣዬ፣

ከደብዳቤሽ ኋላ የላክሻት አጭር ወረቀት ሰላምታ ባይኖርባትም ስለደረሰችኝ ተመስገን ብያለሁ።

«ያ ባለጋሪ ሞቶ ቢሆን ኖሮ ምን ትዪኝ ነበር?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ምንም አልልሽም ነበር፤ የምለው አይኖረኝም። ይሄን ጥያቄ ከአንቺ በፊት እኔ ራሴን ጠይቄዋለሁ። ቃል መጠበቅ ቀላል ነው፤ አፍን መዝጋት ብቻ ነው። የከበደኝ ቃሌ ሌላ ሰው እንደሚገድል እያወቅሁ ቀን ስሰጠው መቆየቴ ነው። ለአለቃዬም ያደረግሁትን ነግሬዋለሁ። የሚለኝን እቀበላለሁ።

«ምን ያህል ጊዜ አለው?» ላልሽው እውነቱን ልንገርሽ፤ ማንም አያውቅም። ጠብታውን ካላቋረጠ የቀረው እይታ ለብዙ ዓመት ሊቆይለት ይችላል። ካቋረጠ ግን ዋስትና የለውም።

አሁን ደግሞ ሳልነግርሽ የቀረኝን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ከዚህ ሌላ የለኝም። ይህ በሽታ በዘር ይመጣል። ልጅቷን አስመርምሪያት። እንዳትደነግጪ፤ ከአሁኑ ከታወቀ የሚያስፈራ ነገር አይደለም። ግን ዛሬ ነገ አትበዪ።

እህትሽ


ታኅሣሥ 27

እትዬዋ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ይሄን ሰላምታ ከልቤ ነው የጻፍኩት፤ ለመጻፍም ቀናት ፈጅቶብኛል።

የልጅቷ ዓይን ደህና ነው። ሐኪሙ በሁሉም በኩል አይቷት ምንም የለባትም ብሏል፤ በየዓመቱ ግን ትምጣ ተብሏል። እሷ መነጽር ይሰጠኛል ብላ ስለነበር አኩርፋ ወጣች።

እሱን መሥሪያ ቤቱ ገና ቁርጡን አልነገረውም። ለጊዜው መናኸሪያው ማይክራፎን ላይ አስቀምጠውታል፤ የትኛው መኪና ከየት እንደሚነሳ ይጠራል። ሬዲዮ መንገድ ስትሄድ ሰምታው «ይሄን የመሰለ ድምፅ ይዞ መሪ ላይ ዕድሜውን ጨረሰ» አለችኝ። እሱ ግን አልወደደውም። ማለዳ ማለዳ አውቶቡሶቹ ሞተር ሲያስነሱ ሰው እንዳያየው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያለቅሳል።

ጠብታውን አሁን እኔ ነኝ የምጨምርለት። ራሱን ጭኔ ላይ ያሳርፋል፣ እኔ የዓይኑን ቆብ እገልጣለሁ። ስቆጣው እንኳ በሰዓቱ እጨምርለታለሁ። እቆጣዋለሁም። ለምን እንደተቆጣሁ ደግሞ እረሳና ሌላ ምክንያት እፈልጋለሁ። ትናንት ጨው አነሰው ያለው ወጥ ምክንያት ሆነኝ። ዓይኑ እንደ ድሮው እንደማይሆን አውቃለሁ፤ እኛም እንደ ድሮው የምንሆን አይመስለኝም። ግን ከሥራ ሲመለስ ማን ማይክራፎኑን ሊነጥቀው እንደሞከረ፣ ማን ተሳስቶ የሌላ አገር አውቶቡስ ላይ እንደተሳፈረ ማውራት ጀምሯል።

ስለ አንቺ። ያሰብኩብሽን ስላሰብኩ ይቅር በዪኝ፤ በገዛ እህት ላይ የማይታሰብ ነው። አፍሽን ስለዘጋሽብኝ ግን ገና ይቅር አላልኩሽም። በወረቀት የሚያልቅ አይደለም። ስትመጪ ቁጭ ብለን ተሟግተን እንጨርሰዋለን። ስለዚህ ነይ። እሱም ነይ ይልሻል፤ ከበሩ ፊት ያለውን የጨርቅ ክምር አንስቼዋለሁ።

ይህን ስጽፍ እሱ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። የጻፍኩትን እስከዚህ ድረስ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያለቅሳል ያልኩት ጋ ስደርስ «እሱን ሰርዢው» አለኝ።

«ለእህቴ የምሰርዘው ነገር የለም» አልኩት።

ከዚያ «እንግዲያው የእኔንም ሰላምታ ጨምሪበት» አለ።

ጨምሬዋለሁ።

ታናሽሽ